ሁለት የሚሮጡ እግሮች

ጥር 11 ቀን

ባሕር ማዶ ላለሽው ለአክስቴ ልጅ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ እስኪገባ ጤናሽ አይጓደል፤ የቆምሽበት ምድር ይመችሽ። እኔ አለሁ። ወገቤም ያው ነው፣ ምላሴም ያው ነው።

ጽሕፈቱን አይተሽ «ማን ጻፈላት?» እንዳትዪ። ማንም አልጻፈልኝም። ቁልፍ የምጠብቅላቸው የዶርሙ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ከቁልፍ መስቀያው ሥር አስቀምጠው አስተማሩኝ። አንቺ በሰባት ዓመትሽ የጨረስሽውን እኔ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ጨረስኩት። አንቺ ደብተር ይዘሽ ስትወጪ ታናሽ ወንድምሽን ያዘለው ጀርባ የማን እንደነበር አልረሳሽውም። ይህን ያነሳሁት ልወቅስሽ አይደለም ብል ውሸት ይሆናል። ልወቅስሽ ነው። በሰው እጅ ስወቅስሽ ኖሬ ዛሬ በራሴ እጅ ስለቻልኩ ደስ ብሎኛል።

ስለ ልጅሽ ጠይቀሻል። ደህና ናት። ትበላለች፣ ታነባለች፣ ትስቃለች። ዶርም ውስጥ ሯጯ ነው የሚሏት፤ ጠዋት ሁልጊዜ አርፍዳ ትነሳና ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለች ትወርድ ነበር። አሁን ረጋ ብላለች። ያልጻፈችልሽ ፈተና ደርሶባት ነው።

የእኛን ነገር ልንገርሽ። በዶርሙ በርና በመማሪያ ክፍሎቹ መካከል መንገድ አለ። ከድንጋይ ካባው የሚወርዱት ገልባጭ መኪኖች የሚያልፉት በዚያ ነው። ፍጥነት የሚያበርድ ጉብታ የለው፣ ዜብራ የለው፣ መብራት የለው። ሁለት መቶ አርባ ሴት ልጆች በቀን አራት ጊዜ ይሻገሩታል። ዓምና አንዷ ሞተች። ዘንድሮ ሌላዋ ተገጨች። የአካባቢው ምክር ቤት ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ተማሪ እንግዳ ነው።» እንግዳ ማለት በእነሱ አፍ ድምፅ የማይሰጥ ማለት ነው።

ሰኔ ላይ የአካባቢ ምርጫ አለ። እዚህ ስድስት ወር የኖረ ሁሉ፣ ተማሪም ቢሆን፣ ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል። አንዲት ጡረታ የወጣች አዋላጅ ለዚያ መንገድ ብላ ትወዳደራለች። የሚፎካከራት የካባው ባለቤት አማች ነው። ሰፈርተኛው ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ግማሹ ካባው ውስጥ ነው የሚሠራው። ልጆቹ ከተመዘገቡ ታሸንፋለች፤ ካልተመዘገቡ የለችም። ይኸው ነው።

ማንበቢያ መነጽር ካገኘሽ ላኪልኝ። የማነበው ነገር ሊበዛ ነው።

ያው አንቺን አዝላ የማታውቅ፣ ወንድምሽን ግን ያዘለች
እህትሽ

—

የካቲት 6 ቀን

ለእህቴ፣

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ጀምሮ እስከ ጓዳሽ ይግባ። በረከት ከቤትሽ አይራቅ።

ጽሕፈትሽን አይቼ እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ከዚያ ተቀመጥኩ። መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወቀሳው ግን ቀጥ ያለ ነው። ልክ ነሽ። ደብተሩ አንድ ነበር፣ እናቴም ለራሷ ልጅ ሰጠችው። ያ ደብተር የት እንዳደረሰኝ ልንገርሽ? የምሠራው የአዛውንት መጦሪያ ውስጥ ነው። ዛሬ ሦስት ሽማግሌ አጥቤአለሁ፣ ሰባት ጥፍር ቆርጫለሁ፣ አንዲት አሮጊት «ሌባ» ብላኝ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ልጄ» ብላኛለች። ትምህርቴን እዚህ የጠየቀኝ ሰው የለም።

መነጽሩን ልኬያለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «ረጋ ብላለች» ማለት ምን ማለት ነው? ልጄ በአምስት ዓመቷም ረግታ አታውቅም። የዶርሙን ስልክ ስሞክር «አገልግሎት አቋርጧል» ይለኛል። ለምን እሷ ራሷ ሁለት መስመር አትጽፍልኝም? ፈተና ከጥር ያልፋል?

ሌላ ልለምንሽ። ከምርጫው ነገር ልጄን አርቂልኝ። እኔ ከአገር የወጣሁት ዝም ማለት አቅቶኝ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እሷ ትማር። መንገዱን ግራና ቀኝ አይታ ትሻገር፤ ጉብታ የሚያሠራ ሌላ ሰው አይጠፋም።

እህትሽ

—

መጋቢት 1 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ፤ የምታጥቢያቸውም ሽማግሌዎች ይመርቁሽ። መነጽሩ ደረሰኝ። በእሱ ያየሁት የመጀመሪያ ነገር የእጄ መጨማደድ ነው። ቢሆንም አመሰግናለሁ።

«ሌላ ሰው አይጠፋም» ብለሻል። ጠፍቷል። ሰው ሁሉ ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው።

ልጆቹን ማስመዝገብ ድመት ማጠብ ሆኖብኛል። የዶርሙ ሕግ ቁልፍ ከሕንጻው አይወጣም ነው። ሲወጡ ለእኔ ይሰጣሉ፣ ሲገቡ ከእኔ ይቀበላሉ። ስለዚህ ሁሉም በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ፊቴ ይቆማሉ፤ ለእነሱ እማማ ቁልፍ ነኝ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ቁራጭ ካርቶን አሠርኩ፦ «የመራጮች ምዝገባ ሚያዝያ 1 ይጀመራል፣ ሚያዝያ 20 ይዘጋል። ከእህል ወፍጮው ጀርባ ያለው አዳራሽ።» ጮክ ብላ ሳታነብ ቁልፍ የምታገኝ ልጅ የለችም።

«እማማ ቁልፍ፣ ሽንቴ መጣ!»

«እንግዲያው ቶሎ ቶሎ አንብቢ።»

ሕግ የምትማረዋ፣ ጥቁር መነጽር ፀጉሯ ላይ የምትሰካው፣ ክንዷን መስኮቴ ላይ አስደግፋ ተከራከረችኝ።

«እማማ፣ እኔ ሐምሌ ላይ እመረቃለሁ። የዚህ ሰፈር ጉብታ ምን ያደርግልኛል?»

«አንቺ ትሄጃለሽ። አልጋሽስ?»

«አልጋዬ ድምፅ አይሰጥማ!»

«ጥቅምት ላይ ሌላ ልጅ ትተኛበታለች። እሷም ትሻገራለች።»

«እሷ ትመዝገብ እንግዲያ።»

«ስትመጣ ስድስት ወር አልሞላትም። መኪናው ግን ስድስት ወሯን አይጠብቅላትም።»

ቁልፏን ነጥቃኝ ሄደች። ከአራት ቀን በኋላ ተመልሳ፣ ወደ መስቀያው እያየች፣ አዳራሹ ከወፍጮው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልሳቅኩባትም። ሊያመልጠኝ ግን ነበር።

ሌላ ነገር ላስቸግርሽ። አንቺ ዘንድ ክራንች ሞልቷል አይደል? እዚህ ያለው የእንጨት ነው፤ ብብት ይልጣል። ላስቲክ ያለው ብታገኚ ለአንዲት ጎረቤቴ ፈልጌ ነው። ወጣት ናት።

ልጅሽ ሰላም ብላሻለች። ትጽፍልሻለች።

እህትሽ

—

መጋቢት 24 ቀን

ለእህቴ፣

ጤና ይስጥሽ። ዛሬ ሰላምታ ማርዘም አልቻልኩም።

ክራንች በግምት አይላክም። ከረዘመ ብብት ውስጥ ያለውን ነርቭ ይጎዳል፤ ካጠረ ወገብ ያጎብጣል። እኔ ሥራዬ ይህ ስለሆነ በደንብ እወቂልኝ። ጎረቤትሽን ቀጥ አድርገሽ አቁሚያትና ከብብቷ ሁለት ጣት ዝቅ ብለሽ እስከ ተረከዟ ለኪ። ከእጇ አንጓም እስከ መሬት ለኪ። የትኛው እግሯ ነው? ምን ሆና ነው? ቤተሰብስ የላትም?

የልጄ ልደት ካለፈ ወር ሆነው። የላክሁላትን ካርድ ደረሰኝ አላለችም። ተጣልታኝ ከሆነ ንገሪኝ፤ እችለዋለሁ። የተጣላ ሰው ደህና ነው።

እህትሽ

—

ሚያዝያ 5 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ካሰብሽው ክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ እኔንም ካደረስኩት።

ሜትር ስላልነበረኝ በሲባጎ ለካሁ። ሲባጎውን ከደብዳቤው ጋር ጠቅልዬዋለሁ። የታችኛው ቋጠሮ ተረከዝ ነው፣ የመሃለኛው የእጅ አንጓ፣ የላይኛው ከብብት ሥር። የግራ እግሯ ነው። ቤተሰብ አላት፤ ሩቅ ናቸው።

አሁን የእኔን ጉድ ስሚ።

ሚያዝያ 1 ቀን ጠዋት ሠላሳ ልጆች አሰልፌ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ሕግ ተማሪዋም ነበረች። መዝጋቢው ለጋ ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ እርሳሱ ተቀርጿል።

«የነዋሪነት ማስረጃ?» አለ።

«የዶርሙ መዝገብ» ብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ማን በየትኛው አልጋ፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለች የሚያሳየው ወረቀት እሱ ብቻ ነው።

ገለጠው። እንደገና ገለጠው።

«እናቴ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«መዝገብ።»

«እኔ የማየው ማበጠሪያ ነው። ይህ ጃንጥላ። ይህ ደግሞ... ዶሮ ነው?»

«ጭልፊት ነው» አልኩት።

ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩና ተዉት።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ከስድስት ዓመት በፊት ወለል ጠራጊ ነበርኩ። ቁልፍ ያዡ ሲሞት የዶርሙ ኃላፊ «ሰው እስኪገኝ እዚህ ተቀመጪ» አለኝ። ማንበብ ትችያለሽ ወይ ያለኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ወንበሩ ከመጥረጊያው ይሻል ነበር። ለእያንዳንዷ ልጅ ምልክት ሣልኩ። ፀጉሯን ሁልጊዜ ለምታበጥረዋ ማበጠሪያ፣ ዓይኗ ለሚያፈጥጠዋ ጭልፊት። የወንበሩ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኃላፊው በየወሩ መጨረሻ ውስጡን ሳይገልጥ ሽፋኑ ላይ ይፈርማል።

ይህስ ባልከፋ። ጥቅምት ላይ የዘንድሮዎቹ ሲገቡ እኮ መጻፍ እችል ነበር! ስማቸውን መጻፍ እችል ነበር። ግን ገጹ በድንገት በፊደል ቢሞላ ኃላፊው የኋላውን ገልጦ ያያል፣ ዓመታት እንዳታለልኩት ያውቃል ብዬ ፈራሁ። እነዚያ ልጆች ቁጭ ብለው ያስተማሩኝን ፊደል ደብቄ፣ የእነሱኑ ስድስት ወር በማበጠሪያና በጭልፊት ሞላሁት። ለወንበሬ ብዬ።

መዝጋቢው ስም የሌለበት መዝገብ አልቀበልም ብሎ ሠላሳውንም መለሳቸው። ስንመለስ ሕግ ተማሪዋ ክንዴን ይዛ አሻገረችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሥራ አምስት ቀን ቀርቶኛል። አንቺ የተማርሽው፣ ምን ላድርግ? መልስሽ ሲደርስ ምዝገባው ተዘግቶ እንደሚሆን አውቃለሁ። የምነግረው ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው።

እህትሽ

—

ሚያዝያ 21 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢ። መጀመሪያ ውሃ ጠጪ።

መልስሽ አልደረሰኝም፤ ሳልጠብቀው ነው የምጽፈው። ትናንት ምዝገባው ተዘጋ።

አሥር ቀን ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። የሚሰማኝ ሳጣ ኃላፊው ዘንድ ገብቼ መዝገቡን ራሴ ገለጥኩለት። ወደ ኋላ እየገለጠ አየው።

«ስድስት ዓመት አታለልሽኝ?»

«አንተም ስድስት ዓመት ፈርመሃል።»

ጆሮው ቀላ። ሐምሌ ላይ ከወንበሩ እንደምነሳ ነገረኝ። ኮቱን ለበሰና ግን አብሮኝ ወደ አዳራሹ መጣ። የመዝጋቢው አለቃ ተጠርታ መጣች። መዝገቡን አገላብጣ እንዲህ አለች፦ እያንዳንዷ ተማሪ በአካል ትቅረብ፣ እኔ ቁልፍ ያዧ ምልክቷን ላሳይ፣ ከጎኑ ስሟን በእጄ ልጻፍ፣ ኃላፊው ይፈርም። ጊዜው ግን ሦስት ቀን ብቻ።

ሦስት ቀን ጻፍኩ። ልጆቹ በሩ ላይ ተሰለፉ፤ ተሰልፈው የማያውቁት ሁሉ። አንዷ «እማማ፣ እኔ ምን ነበርኩ?» ብላ ጎንበስ አለች። «ማንኪያ።» «ለምን ማንኪያ?» «አፍሽ አያርፍማ!» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ መዝጋቢው ሳይቀር። ነገር ግን እጄ ቀርፋፋ ነው። አንቺ በአንድ ትንፋሽ የምትጽፊውን ስም እኔ ምላሴን ነክሼ ነው የምጽፈው። ሌላ ሰው ይጻፍልኝ ብል «ምልክቱ የእሷ ስለሆነ እጁም የእሷ ይሁን» አሉ።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አራት ልጆች አንዲቷን ከነወንበሯ ተሸክመው ገቡ። ግራ እግሯ እስከ ጭኗ በጀሶ ነው።

እንግዲህ ጻፍኩት። ጎረቤቴ ያልኩሽ ልጅሽ ናት። ታኅሣሥ 9 ቀን ጠዋት ገልባጭ መኪና መንገዱ ላይ መታት። አጥንቷ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ጠምሞ ስለገጠመ የካቲት ላይ እንደገና ሰብረው ጠገኑት። ሁለት ወር ከሐኪም ቤት፣ ከዚያ ወዲህ ከእኔ አልጋ ላይ ናት፤ እኔ ፍራሹን አውርጄ እተኛለሁ። «እናቴ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ ከመጣች መመለሻ ወረቀት የላትም» ብላ አስማለችኝ። መጻፍም እምቢ ያለችሽ እጇ መዋሸት ስለማይችል ነው። የእኔ ግን ቻለ።

ከምርጫው አርቂያት ብለሽኝ ነበር። አላመጣኋትም። ራሷ ናት «ውሰዱኝ» ያለቻቸው።

መዝጋቢው ቀና ብሎ አያት። «ይህች የትኛዋ ናት?»

ጣቴን ምልክቷ ላይ አኖርኩ። ሁለት የሚሮጡ እግሮች ነው የሣልኩላት።

ሥዕሉን አየ። ጀሶውን አየ።

«እናቴ፣ ይህ የሚሮጥ ሰው ነው» አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያፍር ሰው።

«ጥቅምት ላይ ትሮጥ ነበር» አልኩት።

እርሳሱን አስቀመጠ። ልጅሽ ናት ያዳነችን። «እማማ፣ ስሜን ጻፊና ልሂድ፤ ወንበሩ ይቆረቁራል።»

ጻፍኩት። ከጻፍኳቸው ሁሉ የእሷ ነው ቀጥ ብሎ የወጣው።

አንድ መቶ ስድሳ ስምንት ስም ጽፌ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። በሩ ሲዘጋ አርባ አንድ ልጆች ውጭ ተሰልፈው ነበር። «ነገ እንምጣ?» ይሉኛል። ነገ የሚባል አልነበረም።

የፈለግሽውን በዪኝ።

እህትሽ

—

ሚያዝያ 26 ቀን

ለዚያች ሴት፣

የላክሽው ሲባጎ ደርሶኛል። ክራንቹን ልቆርጥ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ዓምና ለልጄ ቀሚስ ስሰፋላት እሷ ልኳን ጽፋ የላከችልኝ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከብብት እስከ ተረከዝ። አስተያየሁት። ሦስት ጊዜ አስተያየሁት።

የልጄ ቁመት ነው።

ተሳስተሻል በዪኝ። እዚያ ሰፈር እንደ ልጄ የምትረዝም፣ የግራ እግሯ የታመመ፣ ቤተሰቧ ሩቅ የሆነ ሌላ ልጅ አለች በዪኝ። አምንሻለሁ። ዛሬ የነገርሽኝን ሁሉ አምናለሁ።

ክራንቹን ልኬያለሁ። ላስቲኩ ድርብ ነው።

—

ግንቦት 15 ቀን

ለእህቴ፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። ያንቺ ሲደርስ የማውቀውን ነው ያረጋገጠልኝ። ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩምና ዝለዪው።

ሥራ አልገባሁም። ከዚያ ገባሁ፤ ምክንያቱም ባልገባ የት እሄዳለሁ? ልጄ ልክ ናት፤ ብመጣ መመለሻ የለኝም። አንዲት አሮጊት እግሯን ሳጥብላት ዛሬም «ልጄ» አለችኝ። ሽንት ቤት ገብቼ ፎጣ ነክሼ ጮህኩ።

ይቅር አልልሽም። ዛሬ አልልሽም፤ ሌላ ቀን ጠይቂኝ። አምስት ወር «ደህና ናት» ስትዪኝ ነበር። እኔም ግራና ቀኝ አይታ ትሻገር ብዬ እመክራት ነበር፤ ለተሰበረ እግር።

ግን አንድ መቶ ስድሳ ስምንት ልጆች ተመዝግበዋል ብለሻል። መመዝገብ መምረጥ አይደለም። ፈተና ይደርሳል፣ ዝናብ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይጥማል፤ እኔም ተማሪ ነበርኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቆርጠሽ አንብቢላቸው። የጻፍኩት ላንቺ ብዬ አይደለም።

«እናንተ የልጄ ጓደኞች፣ ሯጯ ለምትሏት ልጅ እናት ነኝ። የምኖረው ሩቅ ነው። እዚያ አልኖርምና እዚያ ድምፅ የለኝም። እዚህ የሰው አገር ነውና እዚህም ድምፅ የለኝም። ልጄን የመታት መኪና ነገም በዚያው መንገድ ያልፋል፤ እኔ ላቆመው የምችልበት አንድም ወረቀት ዓለም ላይ የለኝም። እናንተ አላችሁ። ከወፍጮው ጀርባ ነው አሉኝ፤ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው አሉኝ። ልጄን በወንበር ተሸክማችኋታል። ያን ቀን ደግሞ ራሳችሁን ብቻ ተሸከሙ።»

እህትሽ

—

ሰኔ 12 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ልጅሽን በሁለት እግሯ ቆማ ለማየት ያብቃሽ። ክራንቹ ልክ ሆኗታል። ላስቲኩ ድምፅ ስለሌለው ከኋላዬ እየመጣች ታስደነግጠኛለች።

ወረቀትሽ ሰኔ 1 ደረሰኝ። ግማሹን ብቻ ነው ያነበብኩላቸው። ሕግ ተማሪዋ ተቀብላኝ ጨረሰችው። ማንም አላጨበጨበም። አንድ በአንድ ቁልፋቸውን ወስደው ወጡ።

ሰኔ 5 ዝናብ ነበር። ከአንድ መቶ ስድሳ ስምንቱ አንድ መቶ ስድሳ አንዱ ሄዱ። እኔ በር ላይ ቆሜ ቆጠርኳቸው። ልጅሽ በክራንቿ ሄደች፤ ወንበር እምቢ አለች። ሕግ ተማሪዋ ተማሪ ሁሉ እስኪያልፍ የመንገዱ መሃል ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ቆመች። ገልባጮቹ ጥሩምባ ነፉባት። ንቅንቅ አላለችም።

አዋላጇ በሃያ ሁለት ድምፅ ተሸነፈች።

በሩ ላይ የተመለሱት አርባ አንድ ነበሩ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ልጆቹ ግን አልወቀሱኝም፤ «እማማ፣ አንቺ ባትኖሪ አንድም አንመዘገብም ነበር» ይሉኛል። እኔ ግን በጥቅምት አንድ ቀን ስማቸውን ጽፌ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ጭንቅላቴ ውስጥ ይዤ አድራለሁ። ጉብታ የለም። ትናንት አርባ ሦስት መኪና አለፈ።

አሁን ያልጻፍኩልሽን ልጻፍ። ልጅሽም አታውቀውም። ሐኪም ቤት ሆና «ምን እንዳዞረኝ አላስታውስም» ትል ነበር፤ እኔም ዝም አልኩ።

ያን ቀን ጠዋት ፈተና ነበራት። ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለች ወረደች፣ ፊቴን አልፋ ወጣች። ቁልፉ እጇ ላይ ነበር። ሕግ ሕግ ነው ብዬ ከበሩ ወጣሁና ተጣራሁ። «ቁልፉን!» አልኩ። ጉሮሮዬ ጥሩ ነው፤ ታውቂዋለሽ። እሷ መንገዱን አጋምሳ ነበር። ዝም ብል ኖሮ ተሻግራ ነበር። ሰማችኝ። ቆመች። ዞረች። ቁልፉን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፤ እየሳቀች።

ይኸው ነው። አምስት ወር ሙሉ በየቁልፉ ላይ ካርቶን ያሰርኩት፣ ቢሮ ለቢሮ የዞርኩት፣ ጀግና ሆኜ አይደለም። አንዲትን ቃል ወደ አፌ የምመልስበት መንገድ አጥቼ ነው። መንገዱ ላይ ጉብታ ቢኖር ኖሮ ያ ቃል ቃል ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ነገ ለልጅሽ እነግራታለሁ። መጀመሪያ ላንቺ መጻፍ ነበረብኝ፤ ወደ ፊቷ እያየሁ ከጀመርኩ እንደማልጨርሰው አውቃለሁ። ይቅርታ ሌላ ቀን ጠይቂኝ ብለሽ ነበር። ይህን ካነበብሽ በኋላ ያ ቀን ቢጠፋ አልፈርድብሽም።

ከወንበሩ እስከ ሐምሌ ነው ያለሁት። እስከዚያ ግን ሕጉን ቀይሬዋለሁ፤ ኃላፊውን አላስፈቀድኩም። ዛሬ ጠዋት አንዲት የዘንድሮ ልጅ ቁልፍ ይዛ ሮጣ ወጣች። አፌን በእጄ ያዝኩ። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ተከተልኳት፣ ግራና ቀኝ አየሁ፣ ተሻገርኩ፣ ከወዲያኛው ዳር ደርሼ በእርጋታ እጄን ዘረጋሁላት።

«ውይ፣ እማማ! ለምን አልተጣራሽም?»

ቁልፉን ተቀብዬያት ተመለስኩ።

እህትሽ